የሚያውቀው ለማያውቀው ምን ዕዳ አለበት?



ጨዋታ ቀላል ነገር ይመስለናል። ከብት የሚጠብቁ ልጆች መሬቱን ቆፈር ቆፈር አድርገው ገበጣ ይጫወታሉ። ጎረምሶች በሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ቆርኪ ደርድረው ዳማ ይገጥማሉ። ማታ ደግሞ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ይባላል። ሲያበቃ ጠጠሩ ይበተናል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ስለ ጨዋታ በቁም ነገር መጻፍ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ሆኖም በጨዋታ ውስጥ አንድ ከባድ የግብረ ገብ ጥያቄ ተሸሽጎ ይገኛል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ የጨዋታውን ምስጢር የሚያውቅ ሰው፣ ምስጢሩን ከማያውቅ ወንድሙ ጋር ተጫውቶ ቢያሸንፍ ተገቢ ነውን? ገንዘብ ቢያዝበትስ?

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የኳስ ውርርድ በሱቅም በስልክም ወደ ትንንሽ ከተሞች ሁሉ ደርሷል። በሸነንም ሆነ በአምቦ፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣ ተማሪ ወላጆቹ ጤፍ ሸጠው የሰጡትን የቤት ኪራይ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሁላችንም እንገሥጸዋለን። ነገር ግን ያጣበትን ስሌት ቁጭ ብሎ ያስረዳው ማን ነው? እኛ በዩኒቨርሲቲ ቍጥር የምንማር ወጣቶች ይህ ጥያቄ ከሁሉ በፊት የሚመለከተው ራሳችንን ነው። ስለዚህ ከቀላሉ ጨዋታ ጀምረን ደረጃ በደረጃ እንመርምረው።

በመጀመሪያ እንቆቅልሽን እንመልከት። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂውም «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይጠየቃል። የእኛ ሰፈር ልጆች መጀመሪያ ጉደርን ይሰጣሉ፤ ጠያቂው አልቀበልም ሲል አምቦን ይጨምራሉ፤ በመጨረሻም አዲስ አበባን አስረክበው ያርፋሉ። ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ እንደ ልቡ ከፎከረ በኋላ መልሱን ይናገራል። በአፋን ኦሮሞም ሂቦ ሲባል ልጆች እንዲሁ ይጠያየቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አገር የተቀበለ ሰው መልሱን ደብቆ መሄድ አይችልም። ቢሄድ ጨዋታው አልተፈጸመም፤ ልጆቹም «ንገረን እንጂ!» ብለው ይይዙታል። አለማወቅ አገር ያስከፍላል፤ የከፈለ ግን ዕውቀቱን ይቀበላል። ነገ ያንኑ እንቆቅልሽ እርሱ ራሱ ሌላውን ይጠይቅበታል። እንግዲህ ሕግ ያልጻፉ ልጆች ለጥያቄያችን የመጀመሪያውን መልስ ሰጥተውናል፤ ያሸነፈ ያስተምራል።

እኛም በዚሁ ሥርዓት አንድ እንጠይቅ። አንድ ሰው ነብር፣ ፍየልና አንድ እስር ጎመን ይዞ ወንዝ ዳር ደረሰ። ታንኳይቱ ከእርሱ ጋር ከሦስቱ አንዱን ብቻ ትይዛለች። ሰውየው በሌለበት ነብር ፍየሉን ይበላል፤ ፍየልም ጎመኑን ይበላል። እንዴት አድርጎ ሁሉንም ያሻግራል? ይህ ጥያቄ በየአገሩ በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል። በአውሮፓ የወጣቶችን አእምሮ ለመሳል ተብሎ በተዘጋጀ አንድ የጥያቄ ስብስብ ውስጥ ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን ሆኖ ይገኛል። ያ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ804 ከሞተው ከእንግሊዛዊው መምህር ከአልኩዊን ስም ጋር ተያይዞ የቆየ ነው።

አገር ሳንጠይቅ መልሱን እንስጥ። ሰውየው መጀመሪያ ፍየሉን አሻግሮ ባዶውን ይመለሳል። ቀጥሎ ነብሩን ያሻግርና ፍየሉን ይዞ ይመለሳል። ፍየሉን ትቶ ጎመኑን ያሻግራል፤ ባዶውን ይመለስና በመጨረሻ ፍየሉን ይወስዳል። በጠቅላላው 7 ጊዜ ይሻገራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ጊዜ የተሻገረውን መልሶ ማምጣት ኪሳራ ስለሚመስላቸው ነው። መልሱን የሰማ ሰው ግን ሁለተኛ አይሸነፍም። ዕውቀት ለሌላው ሲሰጥ ከሰጪው ምንም አይጐድልም።

ሁለተኛ፣ ወደ ገበጣ እንለፍ። ገበጣ በአገራችን እጅግ የቆየ ጨዋታ ነው። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው አሳትመዋል። ስሙና ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ባለ ሁለት ረድፉ ብዙ ጊዜ 12 ጉድጓድና በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲኖረው በድምሩ 48 ይሆናል። ባለ ሦስት ረድፉ በተለይ የኢትዮጵያና የኤርትራ መታወቂያ ነው፤ 18 ጉድጓድ በየጉድጓዱ 3 ጠጠር ተደርጎበት 54 ይሆናል።

ገበጣ የሚጫወት እረኛ ሳያውቀው ሒሳብ ይሠራል። 12 ጉድጓድ ባለው ገበጣ ላይ ከአንድ ጉድጓድ 12 ጠጠር አንሥተን ከሚቀጥለው ጀምረን አንድ አንድ ብንጥል፣ የመጨረሻው ጠጠር ዞሮ ባዶ ካደረግነው ጉድጓድ ላይ ይወድቃል። 15 ብናነሣ ደግሞ እንደ 3 ጠጠር ያህል ብቻ አልፎ ይቆማል። ስለዚህ ማብቂያውን የሚወስነው በ12 ተገድፎ የሚተርፈው ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈው ከተረፈው አንድ ቀንሰው ወንበርን ሲያወጡ፣ ሥራቸው ከዚሁ ወገን ነው። እረኛውና መሪጌታው የሚገናኙበት ስፍራ ይህ ነው፤ ሁለቱም ትልቁን ቍጥር ትተው ትራፊውን ይይዛሉ።

የገበጣ ዋና መልካምነቱ ግን ሁሉ ነገር በግልጽ መታየቱ ነው። 48ቱ ጠጠር ከሁለቱም ተጫዋቾች ፊት ተቀምጧል። የተሰወረ የለም፤ ዕድልም አይገባበትም። አንደኛው በርትቶ ቢቈጥር ያሸንፋል፤ የተሸነፈውም እጁን አይቶ ይማራል። ዳማም እንዲሁ ነው። የአምቦ ውሃ ቆርኪ ለአንዱ ወገን በፊቱ፣ ለሌላው ወገን በጀርባው ተደርድሮ ማን ምን እንዳለው ሁሉም ያያል። ዳር ቆሞ የሚመለከት ሕፃን እንኳ ከወር በኋላ ገብቶ ይገጥማል።

በዘመናችን የሒሳብና የኮምፒዩተር ሊቃውንት እነዚህን ጨዋታዎች እስከ ሥራቸው ድረስ መርምረዋል። የገበጣ ዘመድ የሆነውንና በምዕራብ አፍሪካ የሚወደደውን፣ እንደ እኛው 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር ያለውን አዋሪን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአምስተርዳም ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር ፈትተውታል። ከ889 ቢሊዮን የሚበልጡ አቀማመጦችን መርምረው ሁለቱም ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ እኩል እንደሚወጡ አሳዩ። በካናዳ ደግሞ ጆናታን ሼፈርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምረው የደከሙበትን ሥራ በ2007 ፈጽመው፣ በእንግሊዞች ሕግ የሚጫወቱት ባለ 64 ቤት ዳማም ያለ ስሕተት ከተጫወቱት እኩል እንደሚያልቅ አስታወቁ። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ደስ የሚያሰኝ ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች ለማንም የተሰወረ ጥቅም አልተቀመጠም፤ ሁለቱም ሙሉ ዕውቀት ቢኖራቸው ማንም ማንንም አይጥልም።

ሦስተኛ፣ ሌላ ዓይነት ጨዋታ እንውሰድ። መሬት ላይ 20 ጠጠር ይደረጋል። ሁለት ሰዎች በየተራ ያነሣሉ። በአንድ ተራ 1፣ 2 ወይም 3 ጠጠር ማንሣት ይቻላል። የመጨረሻዋን ጠጠር ያነሣ ያሸንፋል። ይህም እንደ ገበጣ ሁሉ በግልጽ የሚታይ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንዲት ቍጥር የታሰረ ነው። ቍጥሯም 4 ናት። ሌላው 1 ቢያነሣ እኔ 3 አነሣለሁ፤ 2 ቢያነሣ 2፣ 3 ቢያነሣ 1። እንዲህ ሆኖ ጠጠሩ ከ20 ወደ 16፣ ወደ 12፣ ወደ 8፣ ወደ 4 ይወርድና የመጨረሻዋ በእጄ ትገባለች። አሜሪካዊው የሒሳብ መምህር ቻርልስ ቡተን የዚህን ጨዋታ ታላቅ ወንድም «ኒም» ብሎ ሰይሞ ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1901 ጽፎታል።

አሁን ጥያቄያችን ይከብዳል። ምስጢሩን የሚያውቀው ሰው 20 ጠጠር ዘርግቶ 10 ብር ያስይዝና በትሕትና «ግድ የለም፣ አንተ ጀምር» ይላል። ሌላው ይህን እንደ አክብሮት ይቈጥረዋል። በእርግጥም በባህላችን ቅድሚያ መስጠት ጨዋነት ነው። በዚህ ጨዋታ ግን ቀድሞ የጀመረ አስቀድሞ ተሸንፏል። ሰውየው አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረም፤ ጠጠርም አልደበቀም፤ ሕግም አላፈረሰም። ሆኖም ወንድሙን ዘርፎታል። ጨዋነትንም የወጥመድ መሸፈኛ አድርጎታል። ስለዚህ «አልዋሸሁም» ማለት ብቻውን ንጹሕ አያደርግም።

ይህን የመሰለ ጥንታዊ ተረት አለ። የሰንጠረዥን ጨዋታ ፈለሰፈ የተባለው ጠቢብ ንጉሡ ዋጋውን እንዲናገር ቢጠይቀው፣ ለመጀመሪያው ቤት 1 የስንዴ ፍሬ፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 4፣ እንዲሁ በየቤቱ እያጠፉ እስከ 64ኛው እንዲሰጡት ለመነ። የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ኻሊካን በ13ኛው መቶ ዓመት ይህን መዝግቦታል። ንጉሡ ጥያቄው ትንሽ መስሎት ፈቀደ። እኛ በምዕራብ ሸዋ ሰው ልማድ በጤፍ እንመዝነው። በ1 ግራም 3,000 ያህል የጤፍ ፍሬ ብንገምት፣ እስከ 20ኛው ቤት ያለው ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። እስከ 32ኛው፣ ማለት እስከ ሰሌዳው እኩሌታ፣ 14 ኩንታል ያህል ነው፤ ይህን አንድ ጎበዝ ገበሬ በጐተራው ሊያኖር ይችላል። ሰሌዳው ሲሞላ ግን ፍሬው 18,446,744,073,709,551,615 ይሆናል፤ ይኸውም 60 ቢሊዮን ኩንታል ያህል ነው። የአገራችን የዓመት የጤፍ ምርት በቅርብ ዓመታት ከ50 ሚሊዮን ኩንታል በላይ እንደ ሆነ ብናስብ፣ የ1,000 ዓመት ያህል ምርት ማለት ነው።

ተረቱን የሚያወሩ ሁሉ ጠቢቡን ያደንቃሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ንጉሡ የተስማማበት ነገር ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ የሰጠው ቃል እውነተኛ ስምምነት ነውን? ወለዱ በየመኸሩ በሚታጠፍ ብድር ላይ አውራ ጣቱን የሚያትም ገበሬስ? 1 ኩንታል የተበደረ በ5ኛው ዓመት 32 ኩንታል ይፈለግበታል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት፣ በሁለተኛው አራት ብቻ ስለሆነ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ማጠፍ እንደዚህ ነው፤ እስከ እኩሌታው ሲያባብል ይቈይና ከዚያ በኋላ ይውጣል። ይህን የሚያውቅ አበዳሪ ዝም ብሎ ቢያስፈርም፣ 20 ጠጠር ዘርግቶ «አንተ ጀምር» ካለው ሰው በምን ይሻላል?

አራተኛ፣ ዕድል ወዳለበት ጨዋታ እንምጣ። ብዙ ሰው የዕድል ሒሳብ የተጀመረው ለቁማርተኛ ጥቅም ይመስለዋል። ጥያቄውን ያመጣው ሼቫሊዬ ደ ሜሬ የተባለ ቁማር ወዳድ ፈረንሳዊ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1654 በደብዳቤ የተመካከሩበት ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነበር። ይኸውም፤ ሁለት ሰዎች ገንዘብ አስይዘው ሳይጨርሱ ቢቋረጥባቸው የተያዘውን እንዴት ይካፈሉ የሚል ነው።

ሁለቱ እያንዳንዳቸው 32 ብር አስይዘዋል እንበል፤ ድምሩ 64 ነው። አስቀድሞ 3 ጊዜ ያሸነፈ ሁሉን ይወስዳል። አንደኛው 2፣ ሌላው 1 ጊዜ አሸንፈው ሳለ ዝናብ መጣ። ፓስካል እንዲህ ያስባል፤ ቀጣዩን ዙር ባለ 2ቱ ቢያሸንፍ 64ቱን ይወስዳል፤ ቢሸነፍ 2 ለ 2 ሆነው 32፣ 32 ይካፈላሉ። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ 32 ብር የእርሱ ነው። የቀረው 32 ብር ዘውድና ጎፈር እንደ መጣል እኩል ዕድል ስለሆነ ከእርሱ እኩሌታው፣ 16 ብር፣ ይገባዋል። ድርሻው 48፣ የሌላው ድርሻ 16 ይሆናል። አንባብያን ሆይ፣ ተመልከቱ፤ የዕድል ሒሳብ የተወለደው «ለማን ምን ይገባዋል?» ከሚል ቃል ነው።

ያንኑ ሚዛን ይዘን የኳስ ውርርዱን እንመዝን። ነገሩ እንዲቀልልን፣ 10 ግጥሚያ መርጠናል፤ በእያንዳንዱም ግምታችን ትክክል የመሆኑ ዕድል እኩሌታ ነው እንበል። በትክክለኛ ሚዛን 1 ብር ያስያዘ ሲያሸንፍ 2 ብር ሊከፈለው ይገባል፤ አወራራጁ ግን 1.80 ይከፍላል። የጐደለችው 20 ሳንቲም ትንሽ ናት፤ ማንም አያስተውላትም። ነገር ግን 10ሩ ግጥሚያ እርስ በርሱ ሲባዛ ጉድለቷም አብራ ትባዛለች። 10ሩንም የሚያገኘው ከ1,024 ግምት አንዱ ነው። እንግዲህ 1,024 ሰዎች እያንዳንዳቸው የተለየ ግምት ይዘው 10፣ 10 ብር ቢያስይዙ፣ 10,240 ብር ይሰበሰባል። የሚያሸንፈው አንድ ሰው 3,570 ብር ይቀበላል። 6,670 ብር አወራራጁ ዘንድ ይቀራል። 1,023ቱ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ፤ የአንዱ ፎቶግራፍ ግን በየስልኩ ይዞራል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ የሚያነሣ ወንድም ይኖራል። «የሚያውቅ ሁሉ ያወቀውን መናገር ካለበት ጨዋታ ሁሉ ይጠፋል። ዓመታት ደክሞ ዳማ የተማረ ሰው ለምን ብልሃቱን በነጻ ይሰጣል?» ይለናል። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ስለሆነ በአንድ ፈተና እንመልሰው። እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱን ይጠይቅ፤ «የማውቀውን ሁሉ ብነግረው፣ ይህ ሰው ከእኔ ጋር ሊጫወት ይቀመጥ ነበርን?» የዳማው ጌታ «እኔ ካንተ እበልጣለሁ» ቢል፣ ሌላው ስቆ «እናያለን» ብሎ ይቀመጣል፤ ከሚበልጠው መማር ይወዳልና። ያ ድል ንጹሕ ነው። የ20ው ጠጠር ባለቤት ግን ምስጢሩን ቢናገር ማንም 10 ብር አያስይዝለትም። የእርሱ ትርፍ የቆመው በሌላው አለማወቅ ላይ ብቻ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አንደኛው በችሎታው ያሸንፋል፣ ሁለተኛው በወንድሙ ጨለማ ይነግዳል።

ደግሞም ስሌቱን እያወቀ የሚወራረድ ሰው እንዳለ አንሸሽግም። ሥራ ያጣ ወጣት «ከ1,024 አንዱ እኔ ብሆንስ?» ይላል። ለእርሱ ቍጥር ብቻውን አይበቃውም፤ ሥራ፣ ባልንጀራና ሌላ ተስፋ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከእርሱ ጎን የቆመው የ16 ዓመት ልጅ ገና ስሌቱን አልሰማም። ቢሰማ ምናልባት «አወቅሁሽ ናቅሁሽ» ብሎ ይተዋት ይሆናል። ያልሰማውም እኛ ስላልነገርነው ነው።

እንግዲህ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ምን እናድርግ? ታናናሾቻችንን ከመገሠጻችን በፊት አብረናቸው እንቀመጥ። 20 የባቄላ ፍሬ እንዘርጋ፤ «አንተ ጀምር» እንበል፤ ሦስት ጊዜ እናሸንፋቸው። ከዚያም እንደ እንቆቅልሹ ሥርዓት ምስጢሩን እንንገራቸው፤ በአራተኛው ዙር እኛ እንጀምርና እነርሱ ያሸንፉን። 1.80ን ዐሥር ጊዜ እንዲያባዙት፣ 2ንም ዐሥር ጊዜ እንዲያባዙት እርሳስና ወረቀት እንስጣቸው፤ ልዩነቱን በገዛ እጃቸው ያግኙት። ከገበያ ቀን በፊት ለሚፈርም ጎረቤትም ወለዱ በሦስተኛው ዓመት ስንት እንደሚሆን እንቍጠርለት። አገር የተቀበለ መልሱን ይናገራል። እኛም ሕዝቡ ልኮ ስላስተማረን ብዙ አገር ተቀብለናልና መልሱን ይዘን ዝም ልንል አይገባንም።